ለቤት ፊልም ማሳያ ክፍል የፕሮጀክተር ሌንስ አመራረጥ፦ ለጅማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ከቤቱ አንዱን ክፍል ለፊልም ማሳያ ሊያደርግ ያሰበ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሉመን (የብርሃኑ መጠን) እና ስለ ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች) ነው፤ ሻጩም የሚመልስለት በእነዚሁ ቁጥሮች ነው። ስለ ሌንሱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ ከግድግዳው ጋር መመጣጠኑን፣ ማዕዘኖቹ ጥርት ብለው መታየታቸውን፣ ማሽኑም ከኮርኒስ ሥር መንጠልጠሉን ወይም መደርደሪያ ላይ መቀመጡን የሚወስነው ሌንሱ ነው። ለቤት የሚሠሩ ፕሮጀክተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሌንሳቸው ከአካላቸው ጋር ተገጥሞ የሚመጣና የማይቀየር ስለሆነ፣ ሌንስ መምረጥ በተግባር ፕሮጀክተሩን ራሱን መምረጥ ነው። ለጅማ ነዋሪ ደግሞ ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ከክፍሉ ጋር ያልተስማማውን መልሶ መለወጥ ጊዜም ገንዘብም ያስወጣል።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሌንሶቹን የማነጻጽረው ከክፍሉ ተነሥቼ ነው። በራሱ ጥሩ የሆነ ሌንስ ለተሳሳተ ክፍል ከተገዛ፣ ለክፍሉ ከሚስማማ መካከለኛ ሌንስ ያነሰ ምስል ይሰጣል።

ክፍሉን መለካት

ለንጽጽሩ የሚያስፈልገው ዋና ቁጥር የርቀት ምጥጥን ነው። በማሽኑ መግለጫ ላይ ስሮው ሬሾ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ቁጥር የሚገኘው፣ ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ለምስሉ የጎን ስፋት ሲካፈል ነው። ምጥጥኑ 1.5 የሆነ ሌንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለመሥራት 3 ሜትር ርቀት ይፈልጋል ማለት ነው። ስክሪን በኢንች ሲነገር የሚለካው በሰያፍ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ስፋት መለወጥ አለበት፤ 16 ለ 9 ቅርጽ ያለው የ100 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የ120 ኢንቹ ደግሞ 2.66 በ1.49 ሜትር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገጥመውን አራት በአራት ክፍል እንውሰድ። የክፍሉ ርዝመት 4 ሜትር ቢሆንም ሌንሱ የሚያገኘው ርቀት 4 ሜትር አይደለም፤ የማሽኑ አካልና ከኋላው ለአየር መውጫና ለገመድ የሚተወው ቦታ አንድ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። የቀረው 3.4 ሜትር ለ2.21 ሲካፈል 1.54 ይሆናል፤ ስለዚህ በዚህ ክፍል 100 ኢንች ለማግኘት ዝቅተኛው ምጥጥኑ ከ1.54 የማይበልጥ ሌንስ ያስፈልጋል። ክፍሉ አራት በአምስት ሆኖ ምስሉ በረጅሙ በኩል ከተጣለ ሌንሱ 4.4 ሜትር ስለሚያገኝ ገደቡ ወደ 2 ከፍ ይላል፤ በገበያው ካሉት የቤት ፕሮጀክተሮች አብዛኞቹም በዚህ ክልል ውስጥ ይገባሉ።

በመለካቱ ጊዜ የተመልካቹም መቀመጫ አብሮ ይታሰብ። ለፊልም የሚመረጠው የእይታ ማዕዘን ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን፣ ለ100 ኢንች ስክሪን ይህ ከ4.1 ሜትር እስከ 3 ሜትር ርቀት ማለት ነው። አራት በአራት ክፍል ውስጥ ሶፋው የኋላውን ግድግዳ ተጠግቶ ሲቀመጥ ዓይን ከስክሪኑ 3.3 ሜትር ያህል ስለሚርቅ ማዕዘኑ 37 ዲግሪ ላይ ያርፋል፤ ይህም በጣም ጥሩ ነው። በዚያው ክፍል 120 ኢንች ለማግኘት ምጥጥኑ እስከ 1.28 የሚወርድ ሌንስ ማፈላለግ ይቻላል፤ ነገር ግን ማዕዘኑ 44 ዲግሪ ስለሚደርስ ዓይን ከጥግ ጥግ ሲመላለስ ይደክማል። ለትልቅ ምስል ሲባል ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ከመግዛት በፊት ይህን ስሌት መሥራት ይገባል።

መደበኛ፣ አጭር ወይስ እጅግ አጭር ርቀት?

ምጥጥናቸው ከ1.2 እስከ 2 ገደማ የሆኑት መደበኛ ሌንሶች ናቸው፤ ከ0.4 እስከ 1 የሆኑት የአጭር ርቀት ሌንሶች ሲባሉ፣ ከ0.4 በታች ያሉት ደግሞ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ምስሉን ወደ ላይ የሚወረውሩት እጅግ አጭር ርቀት ያላቸው ናቸው። የመጨረሻዎቹ ዛሬ በማስታወቂያ ብዙ የሚወደሱት ናቸው። ምጥጥኑ 0.25 የሆነ ማሽን 2.21 ሜትር ስፋት ያለውን ምስል ከ55 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሠራል፤ ከኮርኒስ መስቀል አያስፈልገውም፣ በፊቱ የሚያልፍ ሰውም ጥላ አይጥልበትም። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ በተለይ ቤቱ የኪራይ ሆኖ ግድግዳና ኮርኒስ መብሳት ለማይፈቀድለት ሰው።

ችግሩ ብርሃኑ ስክሪኑን የሚመታው በጣም በተንጋደደ ማዕዘን መሆኑ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለች ትንሽ እብጠት ወይም መታጠፍ፣ ከፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን የማትታየው፣ ከሥር በሚመጣው ብርሃን ምስሉን እንደ ማዕበል ታጥፈዋለች። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ለጅምሩ የሚጠቀመው የተወጠረ አቡጀዲ ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። አቡጀዲ ምንም ያህል ቢወጠር በበር ንፋስ ይርገበገባል፤ የጭቃ ግድግዳም ቢለሰን ወለል ያለ ሜዳ አይሆንም። ለመደበኛ ሌንስ ሁለቱም በቂ ናቸው፤ ለእጅግ አጭር ርቀት ሌንስ ግን ጠንካራ ፍሬም ላይ የተወጠረ፣ ለዚሁ ዓይነት ማሽን የተሠራ ስክሪን ያስፈልጋል፤ ዋጋውም በማሽኑ ላይ ተደምሮ መታሰብ አለበት። በተጨማሪም ማሽኑ በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲንሸራተት የምስሉ ስፋት በ4 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ምጥጥኑ 1.5 በሆነ ሌንስ ግን ያው እንቅስቃሴ ከ7 ሚሊ ሜትር ያነሰ ለውጥ ብቻ ያመጣል። ቤት በሚጠረግበትና ልጆች በሚሯሯጡበት ሳሎን ይህ ልዩነት በየሳምንቱ ምስሉን እንደገና ማስተካከልን ያስከትላል።

የአጭር ርቀት ሌንስ በመሃል ያለ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ለማይሞላ ክፍል መደበኛው ሌንስ ለ100 ኢንች ምስል ርቀት ስለማይበቃው መልሱ እሱ ነው። ክፍሉ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ግን አልመክረውም፤ ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሌንስ እስከ ምስሉ ጥጎች ድረስ ጥርት አድርጎ መሥራት ከባድና ውድ ስለሆነ፣ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት ብዙዎቹ በምስሉ ጥጎች ላይ ይደበዝዛሉ፣ በነጭ ፊደል ዙሪያም ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ያሳያሉ። አብዛኞቹ ዙምም የላቸውም።

በእኔ ግምገማ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ላለው የጅማ ሳሎን መደበኛው ሌንስ ያለ ጥርጥር ይሻላል። ቀጣዩ ጥያቄ ከመደበኞቹ መካከል የትኛው የሚለው ነው።

የዙም ስፋት

ሁለት መደበኛ ሌንሶች ሁለቱም ዙም አላቸው ቢባልም በመካከላቸው ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የኦፕቶማ ኩባንያ ኤችዲ146ኤክስ የተባለው ፕሮጀክተር ምጥጥኑ ከ1.47 እስከ 1.62 ስለሆነ፣ ለ100 ኢንች ምስል ሌንሱ ከስክሪኑ 3.25 ሜትር እስከ 3.58 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ መዋል አለበት፤ ማሽኑን ወደፊትና ወደ ኋላ ለማንቀሳቀስ ያለው ነጻነት 33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የኤፕሰን 5050ዩቢ በአንጻሩ ከ1.35 እስከ 2.84 ስለሚሄድ፣ ያንኑ ምስል ከ3 ሜትር እስከ 6 ሜትር ከሚበልጥ ርቀት መሥራት ይችላል። በዋጋ የሚራራቁ ማሽኖች ናቸው፤ የማነሣቸውም ዙም የሚባለው ነገር ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል ለማሳየት እንጂ አንዱን ግዙ ለማለት አይደለም።

ይህ ነጻነት ለምን ይፈለጋል? በብዙ ቤቶቻችን ኮርኒሱ ችፑድ ወይም ሃርድቦርድ ነው፤ የማሽን ክብደት አይሸከምም። ማንጠልጠያው የሚታሰረው ከኮርኒሱ በላይ ባለው ሞራሌ ላይ ነው፤ ሞራሌው የሚገኘው ደግሞ አናጺው ባስቀመጠበት እንጂ ስሌታችን በሚፈልግበት ቦታ አይደለም። በሁለት ሞራሌዎች መካከል ያለው ርቀት ከ33 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ጠባብ ዙም ያለው ማሽን ጨርሶ ቦታ ሊያጣ ይችላል፤ ወይም ተጨማሪ እንጨት በመሃል መምታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከኮርኒስ ሊሰቅል ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሞራሌዎቹ የት እንዳሉ አንኳኩቶ ይለይ፣ ርቀታቸውን ከስክሪኑ ይለካ፣ ከዚያ በኋላ የሌንሱን ክልል ይመልከት።

ዙሙ በሌንሱ በራሱ የሚሠራ መሆኑም ይረጋገጥ። በዲጂታል ዙም ምስሉ የሚያንሰው ከፒክስሎቹ የተወሰኑትን በማጥፋት ስለሆነ ጥራቱ አብሮ ይቀንሳል፤ መግለጫው ላይ ዙም የሚል ቃል ስላለ ብቻ መርካት አይገባም።

ሰፊ ዙም የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ሌንሱ ወደ ረጅሙ ጫፍ ሲሳብ ቀዳዳው ስለሚጠብ የሚያልፈው ብርሃን በብዙ ሞዴሎች ከ30 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ለጨለማ ክፍል ግን ይህ የሚያስፈራ አይደለም። የሲኒማ ቤት መለኪያ ለነጭ ምስል 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ሲሆን፣ ለ100 ኢንች ተራ ነጭ ስክሪን ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው 420 ሉመን ገደማ ነው። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ በተሸፈነበት ክፍል 1,000 ሉመን በእውነት የሚሰጥ ማሽን ሲሶውን ቢያጣ እንኳ ከበቂ በላይ ይተርፈዋል፤ እንዲያውም በረጅሙ ጫፍ ላይ ጥቁሩ ይበልጥ ጥቁር ሆኖ የሚታይባቸው ሌንሶች ብዙ ናቸው። ክፍሉ ቀን ቀን መብራት የሚገባበት ሳሎን ከሆነ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ማሽኑን ወደ ስክሪኑ አቅርቦ በሰፊው ጫፍ መጠቀም ይሻላል።

ሌንስ ሺፍት እና ኪስቶን

ከዚህ ሁሉ በላይ ገንዘብ የሚገባው ባሕርይ የቱ ነው ብባል ሌንስ ሺፍት እላለሁ። ማሽኑ ከስክሪኑ መሃል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ምስሉ ወደ ቦታው የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ማሽኑን አዘንብሎ የሚፈጠረውን የተዛባ ቅርጽ በኪስቶን ማስተካከል ነው። ኪስቶን ምስሉን በኮምፒውተር ስለሚያጠብ ከ1920 በ1080 ፒክስሎች የተወሰኑት ሥራ ይፈታሉ፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሰነጣጠቃሉ፣ ሥራ የፈቱት ፒክስሎችም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ብርሃን በስክሪኑ ዙሪያ ይረጫሉ። ሁለተኛው መንገድ ማሽኑን ቀጥ አድርጎ ትቶ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማንሸራተት ነው፤ ሌንስ ሺፍት የሚባለው ይህ ሲሆን በዚህ ጊዜ አንዲት ፒክስል እንኳ አትጠፋም።

በቁጥር እንየው። የ100 ኢንች ስክሪን ታችኛው ጠርዝ ከወለል 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሰቀል መሃሉ 1.42 ሜትር፣ አናቱ 2.05 ሜትር ላይ ይሆናል። ሺፍቱ ከመሃል ወደ ላይ የምስሉን ቁመት 60 በመቶ የሚደርስ ሌንስ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ስለሚችል፣ ማሽኑን ከወለል እስከ 2.17 ሜትር ባለ ከፍታ በኋላ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ማስቀመጥ ይቻላል። ኮርኒስ ሳይበሳ፣ ከተቀመጡት ሰዎች ራስ በላይ፣ ከሶፋው ኋላ። ለብዙ ቤት ከሁሉ የሚቀለው አሠራር ይህ ይመስለኛል። ወደ ጎንም የሚንሸራተት ሌንስ ከሆነ በሩ ወይም መስኮቱ መሃሉን ለያዘበት ግድግዳ መፍትሔ ይሰጣል፤ ይሁንና ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ወደ ጎን የሚቀረው እንቅስቃሴ እንደሚያንስ መታወቅ አለበት።

ሺፍት የሌላቸው ማሽኖች ምስሉን ከሌንሱ መስመር በተወሰነ መጠን ከፍ አድርገው ይጥላሉ፤ ተገልብጠው ሲሰቀሉ ደግሞ ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ መጠን በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ፣ መግለጫው ላይ ያለውን መቶኛ በምስሉ ቁመት አባዝቶ ከስቅያው ከፍታ ጋር ማስተያየት የገዢው ሥራ ነው። ቁጥሩ ከገጠመ ሺፍት ባይኖርም ኪስቶን አያስፈልግም።

ለሰፊ ፊልሞች አናሞርፊክ ሌንስ ያስፈልጋል?

ብዙ ፊልሞች የሚሠሩት 2.39 ለ 1 በሆነ ሰፊ ቅርጽ ነው። በ16 ለ 9 ማሽን ሲታዩ ከላይና ከታች ጥቁር ሰቅ ስለሚተው ከ1080 መስመሮች ምስል የሚይዙት 803 ብቻ ናቸው። አናሞርፊክ ሌንስ ምስሉን ወደ ጎን 1.33 እጥፍ በመለጠጥ ሙሉውን ፓነል (በማሽኑ ውስጥ ምስሉን የሚሠራውን ክፍል) ወደ ሥራ ያስገባል፤ ሐሳቡ ከፈረንሳዊው አንሪ ክሬቲየን የሌንስ ፈጠራ የመጣና እ.ኤ.አ. በ1953 ሲኒማስኮፕ በተባለው ሰፊ የፊልም አሠራር ወደ ሲኒማ ቤቶች የገባ ነው። ውበቱን አልክድም። ይሁን እንጂ ሌንሱ ዋጋው ከአንዳንድ ፕሮጀክተሮች የሚበልጥ፣ ምስሉን በቁመት የሚለጥጥ ልዩ ማስተካከያ ያለው ማሽን የሚፈልግና ምጥጥኑ ወደ 2 ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ነው በደንብ የሚሠራው፤ ርቀቱ ባጠረ ቁጥር የምስሉ ጠርዞች ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ። 4 ሜትር ለሚረዝም ክፍል ይህ አይሆንም። ሰፊ ስክሪን የሚፈልግ ሰው ዙሙ 1.33 እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከተቻለም የዙሙን አቀማመጥ የሚያስታውስ ማሽን ገዝቶ በሰፊ ፊልም ጊዜ ምስሉን ማሳደግ ይችላል፤ ጥቁሮቹ ሰቆች ከስክሪኑ ውጭ በጥቁር ጨርቅ ላይ ያርፋሉ።

ብርጭቆ እና ፕላስቲክ፣ አዲስ እና ያገለገለ

በርካሽ የሚሸጡት ትናንሽ የኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ የፕላስቲክ ሌንስ አላቸው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ በፊልሙ መጀመሪያ የተስተካከለው ፎከስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይለቃል፤ መሃሉ ሲጠራ ጥጎቹ ይደበዝዛሉ። ካርቶኑ ላይ 1080 ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ማሽኑ የሚቀበለውን ምልክት እንጂ የሚያሳየውን ፒክስል አይደለም፤ የፓነሉ ትክክለኛ መጠን 800 በ480 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ግን የብርጭቆ ሌንስ ያለው የቢሮ ፕሮጀክተር ቢገኝ እመርጣለሁ። 1024 በ768 የሆነው እንኳ ሰፊ ፊልምን ከጥግ እስከ ጥግ በጠራ ምስል ያሳያል።

ለአዳራሽ የተሠሩ፣ ሌንሳቸው የሚፈታ ትልልቅ ማሽኖች ሁለተኛ እጅ ሲሸጡ ያጓጓሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያለ ሌንስ ነው የሚሸጡት። የአንዱ ኩባንያ ሌንስ ለሌላው አይገጥምም፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥም ያው ሌንስ አነስተኛ ፓነል ባለው ማሽን ላይ ሲገጠም ምጥጥኑ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከሚገጠምበት ማሽን ጋር ተዳምሮ ካልተነበበ ያሳስታል። የአየር ማራገቢያቸው ድምፅም ለቤት አይሆንም።

የ16 ሚሊ ሜትር የፊልም ማሽን ያለው ሰው ስሌቱ ይቀልለታል፤ በማሽኑ መስኮት የሚታየው የፊልም ስፋት 9.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያንን በርቀቱ አባዝቶ ለሚፈልገው የምስል ስፋት ሲያካፍል የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ይገኛል። በ5 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ምስል ለማግኘት 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲያስፈልግ፣ ከማሽኑ ጋር በብዛት የሚመጣው 50 ሚሊ ሜትር ግን የዚያን ግማሽ ብቻ ይሰጣል።

የጅማ አየር ለሌንሱ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ የከፍተኛ ቦታ ማስተካከያው እንዲበራ ያዛሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በፍጥነት ካልዞረ ሙቀቱ በሌንሱ አካባቢ ይከማቻል፣ ፎከሱም ይንሸራተታል። ማራገቢያው በዚህ ሁኔታ የበለጠ እንደሚጮኽ ታውቆ ማሽኑ ከአድማጭ ጆሮ ራቅ የሚልበትን ቦታ የሚፈቅድ ሌንስ ይመረጥ።

እርጥበቱ ደግሞ ከከፍታው ይልቅ ያሳስበኛል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት አገር ለወራት ተዘግቶ በቦርሳው የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የሌንሱን ሽፋን ከበላ በኋላ ቢጠረግም ምልክቱ አይለቅም። በክረምት ማሽኑን በየሳምንቱ ለተወሰነ ጊዜ ማብራት፣ ካልተሠራበት ደግሞ በቆዳ ወይም በጨርቅ ቦርሳ ሳይሆን በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ማኖር ይጠቅማል።

ቡና የማይቆላበት፣ ዕጣን የማይጨስበት ሳሎን በጅማ ማሰብ ይከብዳል፤ እንዲቀርም አልመክርም። ነገር ግን የቡናው ጭስ ቅባት፣ የዕጣኑም ጭስ ሙጫ ስላለው በሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን ሆነው ይረጋሉ፣ ኮንትራስቱንም (የነጩንና የጥቁሩን ልዩነት) ይቀንሳሉ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከኮርኒስ የተሰቀለ ማሽን ከረከቦቱ በላይ መዋል የለበትም፤ እጅግ አጭር ርቀት ያለው ማሽን ደግሞ መስተዋቱ ወደ ላይ ስለሚያይ የሚረጋውን አቧራና ጥላሸት ሁሉ ይቀበላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይደረግ፤ ሲጸዳም መጀመሪያ አቧራው በአየር መንፊያ ይነፋ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅና በሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ይጠረግ እንጂ በነጠላ ጫፍ አይታሽ።

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ሳለ ማሽኑን አጥፍቶ የስልኩን መብራት በሌንሱ ላይ በሰያፍ ያብራበት፤ በውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጫጭን ክር ከታየ ሻጋታ ነው፣ ዋጋው ቢቀነስም መተው ይሻላል። ንጹሕ ከሆነ ማሽኑ በርቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ፤ ከዚያ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ የሞላበት ገጽ ከላፕቶፕ ተከፍቶ ፎከሱ በመሃል ይስተካከልና አራቱም ጥጎች አንድ በአንድ ይነበቡ። ሦስቱ ጠርተው አንዱ ብቻ የሚደበዝዝ ከሆነ ማሽኑ ቀጥ ብሎ መቀመጡ ይታይ፤ ቀጥ ብሎም ካልጠራ ሌንሱ ወድቆ ወይም ተፈቶ ተዛንፏል።